እናት ከነልጆቿ ከጎዳና እንድትነሣ

አዳማ በመንገድ ያደገች ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ከባድ መኪና፣ ወደ አሰላና ባሌ የሚወጣው አውቶቡስ፣ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚጓዘው መንገደኛ ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል፤ ባቡሩም እንዲሁ። መንገድ ሥራ ይዞ ይመጣል፣ ሥራ ፈላጊም ይዞ ይመጣል። ከአርሲና ከሐረርጌ፣ ከወሎ፣ ከሐዲያና ከወላይታ «አዳማ ከገባህ ሥራ አታጣም» ተብለው የመጡ ወጣቶች አሉ፤ ባል የሞተባቸው ወይም ጥሏቸው የሄደ እናቶች አሉ፤ በ2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ተፈናቅለው በከተማዋ እንዲሰፍሩ የተደረጉ ቤተሰቦችም አሉ። ብዙው እንደምንም ቤት ይዞ ኑሮውን ይገፋል። ያልቻለው በመናኸሪያ ዙሪያ፣ በሱቅ በረንዳ፣ በላስቲክ ሥር ያድራል። ደረቅ ወደቡ ባለበት በሞጆ፣ የአትክልትና የአበባ እርሻ ሠራተኛ በሚጎርፍባቸው በመቂና በባቱ፣ መንገዶች በሚገናኙባት በሻሸመኔም የሚታየው ተመሳሳይ ነው።

ይህ ጽሑፍ «መርዳት እፈልጋለሁ፤ ግን ከየት ልጀምር?» ለሚሉ ነው፤ ለነጋዴው፣ ለመምህሩ፣ ለእድር አባሉ፣ ውጭ ሀገር ሆኖ ለተወለደበት ከተማ ገንዘብ ለሚልከውም። የምከራከርለት ነገር አንድ ነው። ልጁን ከእናቱ ለይተን ለማሳደግ ከመሮጣችን በፊት ቤተሰቡን እንዳለ እናንሣ። የቤት ኪራዩና የእናትየው ሥራ ከተያዘ ሌላው ሁሉ መንገድ ያገኛል። እነዚህ ካልተያዙ የምንሰጠው ልብስና ደብተር ተመልሶ ጎዳና ላይ ይወድቃል።

መጀመሪያ ማን ምን እንደቸገረው ይለዩ

ጎዳና ላይ የምናየው ሁሉ ችግሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ቀን ቀን ሊስትሮ የሚሠራ ወይም ማስቲካና ሶፍት የሚያዞር ልጅ ማታ እናቱ ዘንድ ይገባ ይሆናል፤ የእሱ ጉዳይ የትምህርቱና የቤተሰቡ ገቢ ነው። ብቻውን በረንዳ የሚያድረው ልጅ ሌላ ነው። ከነልጆቿ ላስቲክ ወጥራ የምታድር እናት ደግሞ ሌላ ናት። አራተኛው ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረደው ነው፤ የመጣበትን ቀበሌ ስም ያስታውሳል፣ ማንን ማመን እንዳለበት ግን አያውቅም። ጊዜ የማይሰጠው ይህ የመጨረሻው ነው። ጎዳና ላይ ወራት ያስቆጠረን ልጅ ወደ ቤቱ መመለስ ዛሬ የመጣውን ከመመለስ እጅግ ይከብዳል፤ ጓደኛ ያፈራል፣ ሱስ ይለምዳል፣ ባዶ እጄን ምን ብዬ ልመለስ የሚለው ኀፍረትም ይጨመርበታል።

ለመለየት ሌሊት ብቻዎን መዞር አያስፈልግም። ጀበና ቡና የምታፈላዋን፣ የሱቅ ዘበኛውን፣ የባጃጅ ተራ አስከባሪውን ይጠይቁ። ማን ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንደሚያድር፣ የትኛው ሕፃን የማን እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ከሆነ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው አብሮዎት ይሁን፤ ከደቡብ ለመጡት ልጆች ደግሞ ወላይትኛ ወይም ሐዲይኛ የሚናገር ቢገኝ ልጁ በአምስት ደቂቃ የሚነግራችሁን በሌላ ቋንቋ በሳምንትም አያወጣውም።

ማታ ከምግብ ቤቶች ጓሮ የሚወጣውን ትርፍራፊ ልጆቹ ቡሌ ይሉታል። ፍርፍሩ፣ ሩዙ፣ ሰላጣው፣ ሥጋ የቀረበት አጥንት ሁሉ ተደባልቆ በፌስታል ይታሰራል። በነፃ የሚሰጥ አለ፣ የሚሸጥም አለ። ብዙ ጊዜ በትልልቆቹ እጅ ያልፋል፤ ትንንሾቹ የሚደርሳቸው ሲላላኩ ወይም ቀን ያገኙትን ሲያካፍሉ ነው። ስለዚህ ለትንሹ ልጅ የሰጡት ብር እሱ ኪስ ላያድር ይችላል። በማስቲሽ መልክም ሊወጣ ይችላል፤ ልጆቹ የሚስቡት ረሀቡንና ብርዱን ስለሚያስረሳቸው ነው። ማብላት ከፈለጉ አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ይብላ። እየበላ ስሙን፣ የመጣበትን አገር፣ ማን እንዳለው ይጠይቁት። ከዚያ ጨዋታ የሚያገኙት መረጃ ኋላ ቤተሰቡን ለመፈለግ ይጠቅማል።

ይህን ስል ምጽዋትን መንቀፌ አይደለም። በገብርኤል ደጅ ለተቀመጡ አቅመ ደካሞች የሚሰጠው፣ በረመዳን የሚከፋፈለው ሰደቃ የብዙ ሰው ሕይወት ያቆየ ነው። የምለው ለሕፃን በመኪና መስኮት ስለሚዘረጋው ብር ነው። ልጁ በመለመን ከእናቱ የበለጠ ማግኘት ከጀመረ ትምህርት ቤት የሚሄድበት ምክንያት ይጠፋል፤ ጨቅላ የታቀፈች ልጅ ብዙ ካገኘች ጨቅላው ከፀሐይ አይነሣም። ያንን ብር ጠብቀው ከሌሎች ጋር ያዋሕዱት።

አሥር ሰው ይሁኑ

አንድ ሰው ብቻውን አንድ ቤተሰብ ለመያዝ ሲነሣ ሁለት ነገር ያጋጥመዋል፤ ወይ ይሰለቻል፣ ወይ የቤተሰቡ ጌታ ይሆናል። አሥር ሰው ሲሆን ሸክሙ ይቀላል፣ ሥልጣኑም ይከፋፈላል። አሥር ሰው በወር 500 ብር ቢያወጣ በወር 5,000፣ በዓመት 60,000 ብር ነው። በዚህ ገንዘብ ብዙ ቤተሰብ አይነሣም፤ አንድ ቤተሰብ ግን በደንብ ይጀምራል። አንድን ቤተሰብ እስኪቆም መያዝ ለሃያ ቤተሰብ አንዴ ዘይትና ዱቄት ከማደል ይበልጣል ባይ ነኝ።

ቃል የምትገቡበትን ጊዜ ከመጀመሪያው ወስኑ። ቢያንስ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ይሁን፤ ኪራይና ሥራ የሚጸናው ከአንድ ክረምትና ከሁለት የትምህርት ምዝገባ በኋላ ነው። ገንዘብ ያዥ ይኑር፣ ወረቀት የሚከታተል ይኑር፣ ቤት ሄዳ የምትጠይቅ አንዲት እናት ትኑር። ይህችኛዋ ከሁሉም በላይ ታስፈልጋለች። ለወንድ ኮሚቴ የማይነገር ብዙ ነገር አለ፤ የሕመም፣ የእርግዝና፣ ማታ በር የሚያንኳኳ ሰው ጉዳይ።

አዲስ ድርጅት ለማቋቋም አይቸኩሉ። እድርና እቁብ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አይታቀፉም፤ ስለዚህ እድራችሁ በጠቅላላ ጉባኤ ወስኖ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ ይችላል። በኦሮሞ ዘንድ ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ነባር የመረዳጃ ሥርዓት አለ፤ ከብቱ ላለቀበት፣ አደጋ ለደረሰበት ወገኑ ያዋጣለታል። የኦሮሚያ ክልል በዚሁ ስም መንግሥታዊ ተቋም አቋቁሞበታል። የምትረዱት ቤተሰብ አደጋ የደረሰበት ወይም ተፈናቃይ ከሆነ የከተማችሁን የቡሳ ጎኖፋ ጽሕፈት ቤት አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ ሁለታችሁ አንዱን ቤተሰብ ይዛችሁ ሌላው ባዶውን እንዳይቀር።

ትንሽ ገንዘብ ምን ያደርጋል ለሚል፣ ቢኒያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ በ8161 አጭር መልእክት ከሺዎች እጅ ጥቂት ጥቂት ብር እየሰበሰበ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን እንደሚያነሣ የማያውቅ የለም። ሕፃናትን በማሳደግ የታወቁት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናም ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ማርያም ሲመለሱ ይዘዋቸው የመጡት ሁለት ሕፃናትን ነበር።

ወረቀቱን ያስጨርሱ

በጎ አድራጊዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ አድካሚና ፎቶ የማይነሣለት ሥራ ስለሆነ ይመስለኛል። ግን ከገንዘብ ይልቅ ብዙ በር የሚከፍተው ወረቀት ነው። ከሌላ ወረዳ የመጣች እናት ከነበረችበት ቀበሌ መሸኛ ካላመጣች አዳማ ላይ የነዋሪነት መታወቂያ ለማግኘት ትቸገራለች። መታወቂያ ከሌላት ሴፍቲ ኔት ውስጥ አትገባም፣ የባንክ ሂሳብ ለመክፈት ትጉላላለች፣ የልጇን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት ትመላለሳለች። ለትራንስፖርት የሚሆን ብር አጥታ ለዓመታት መሸኛዋን ያላመጣች እናት ብዙ ናት። ወረቀት የሚከታተለው ሰው ከእሷ ጋር አንድ ቀን ደርሶ ቢመለስ፣ ወይም በስልክ ከቀበሌው ጋር ተነጋግሮ ቢያስጨርስ፣ ከአንድ ኩንታል ጤፍ የሚበልጥ ነገር አደረገላት ማለት ነው። ከግጭት ወይም ከሚደበድባት ባል ሸሽታ የመጣች ከሆነ ግን ተመለሺ አይበሏት፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትን በመፍትሔው እንዲያግዝ ይጠይቁ።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው። ማስረጃ ሰነድ የሌለው ሰው በፋይዳ የተመዘገበ ምስክር ይዞ ቀርቦ መመዝገብ ይችላል። ከአሥራችሁ አንዱ ምስክር ይሁናት።

የልጆቹን ልደት ያስመዝግቡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ይካሄዳል። ሕጉ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ጊዜው ያለፈበትም በዘገየ ምዝገባ ይስተናገዳል። ስምና ዜግነት ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ለሕፃን የተሰጠ መብት ነው፤ ስለዚህ የሚጠይቁት ውለታ አይደለም፣ አንገት አይድፉ።

ከዚያ ሁለት ነገር ይጠይቁ። አንደኛው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። መክፈል የማይችሉ ቤተሰቦች በቀበሌ ተለይተው መዋጯቸው በመንግሥት ይሸፈናል፤ ምዝገባውና እድሳቱ ግን በዓመት የተወሰነ ጊዜ ስላለው ቀኑን ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ይወቁ። ሁለተኛው የከተሞች ምግብ ዋስትናና ሴፍቲ ኔት ነው። ይህ ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር አዳማ አንዷ ነበረች። መሥራት የሚችለው በጽዳትና በመሰል የማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፣ መሥራት የማይችለው ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል፤ ኑሯቸው ጎዳና ላይ ለሆነ ሰዎችም የተለየ ክፍል አለው። ምልመላው በየጊዜው ስለሚካሄድ «ዘንድሮ አልፏል» ቢባሉ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ጠይቀው ይመዝግቡት።

ቤት

ኪራይ መክፈል ቀላል ይመስላል፤ አከራይ ማግኘት ግን ይከብዳል። ጎዳና ላይ ያየኋትን ሴት አላስገባም የሚል አለ። ልጅ ይበዛል የሚል አለ። ውኃና መብራት ይጨምርብኛል የሚል አለ። ስለዚህ ከእናትየው ጋር ሆነው ይሂዱ፣ ከእናንተ አንዱ ተያዥ ይሁን፣ ውሉ ግን በእሷ ስም ይጻፍ። በእናንተ ስም የተጻፈ ቤት እናንተ ስትወጡ አብሮ ይወጣል።

የሚፈልጉት ቤት በከተማው ዳር ያለው ርካሽ ክፍል መሆን የለበትም። ዳር ያለው ክፍል በኪራይ የሚያተርፈውን በታክሲ ያስከፍላል፤ ልብስ አጥባ ወይም ጉሊት ሸጣ የምታድር ሴት ሥራዋ ያለበት ሰፈር በእግሯ መድረስ አለባት። አዳማ በኮረብታ የተከበበ ሜዳ ላይ ስለተቀመጠች ክረምት ላይ ጎርፍ የሚገባባቸው ሰፈሮች አሉ፤ ክፍሉን ሲያዩ ግድግዳው ላይ የውኃ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ፣ ጎረቤትም ይጠይቁ።

ውል በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በክልል የሚሠራው ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሆነ በከተማችሁ ያለውን አሠራር ከቀበሌ ይጠይቁ። ኪራዩን በየወሩ ለአከራዩ በባንክ ያስገቡ፤ ከስድስተኛው ወር በኋላ ግን እሷ ሩቡን፣ ከዚያ ግማሹን እየከፈለች ትሂድ። ይህን ገና ሲጀመር ይንገሯት። በመሐል ድንገት የሚነገር ቅነሳ ሰው ያስደነግጣል።

ሲገቡ ብዙ ዕቃ አያስፈልጋቸውም። ፍራሽና ብርድ ልብስ፣ ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ጄሪካን፣ የሚቆለፍ በር። ቁልፉ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ጎዳና ላይ የኖረች ሴት ተደላድላ መተኛት የምትጀምረው ከውስጥ ስትቆልፍ ነው። በወባ ወቅት አጎበር ይጨምሩ፤ ስምጥ ሸለቆ ወባ ያለበት አገር ነው።

የእናትየው ሥራ

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚባክነው መነሻ ካፒታሉ አንዴ በጅምላ ስለሚሰጥ ነው። ጉሊትን እንውሰድ። ከመቂና ከቆቃ ዙሪያ የመስኖ እርሻ የሚመጣው ቲማቲም በሳጥን ይገዛል። ምርት ሲበዛ ዋጋው ይወድቃል፣ ሲጠፋ ይሰቀላል፤ በአዳማ ሙቀት ደግሞ የበሰለ ቲማቲም ሁለት ሦስት ቀን ካለፈው ይበላሻል። አዲስ የጀመረች ሴት በተሰጣት ብር ሁሉ ሳጥን ገዝታ ገበያው ከቀዘቀዘ በሳምንት ውስጥ ካፒታሏ አለቀ። ስለዚህ መነሻውን ለሁለት ወይም ለሦስት ይክፈሉት። መጀመሪያ በሚቆይ ነገር ትጀምር፤ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ በርበሬ፣ ምስር። ቲማቲሙን በኪሎ እየገዛች ትቀላቅል። ደንበኛ ስታፈራና ገበያውን ስታውቅ ሁለተኛው ክፍያ ይሰጣት። ወር ላይ ቁጭ ብላችሁ ስንት ገዛሽ፣ ስንት ሸጥሽ፣ ልጆቹ ስንት በሉ ብላችሁ አስሉ። ልጆቹ የበሉት ኪሳራ አይደለም፣ ተቆጥሮ ግን ይታወቅ።

እንጀራ መጋገር ብዙ ሰው የሚያስበው ሥራ ነው። ከመወሰናችሁ በፊት ግን አከራዩ በቆጣሪው ምጣድ ማስገባት ይፈቅድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ አይፈቅዱም። በእንጨት እንጋግር ካላችሁ ጢሱን ከጎረቤትና ከሕፃኑ ጤና ጋር አመዛዝኑ። ልብስ አጠባ ካፒታል አይፈልግም፤ በየሳምንቱ ቋሚ ቀን የሚሰጧት አራት ቤቶች ከራሳችሁ መሐል ከተገኙ የወር ገቢ ሆነ ማለት ነው። ቆሎና የበቆሎ እሸት በመናኸሪያ አካባቢ ይሸጣል፤ በቆሎው ግን የወቅት ነው፣ ከመስከረም በኋላ ምን እንደምትሸጥ አብራችሁ አስቡ።

ጨቅላ ያላት እናት መሥራት የማትችለው ልጅ የሚይዝላት ስለሌለ ነው። ገንዘባችሁን እዚህ ላይ ብታውሉት አይቆጫችሁ፤ አንዲት የታወቀች ጎረቤት በቀን ጥቂት ብር ተከፍሏት ሕፃኑን ብትይዝ ጉሊቱ ይሠራል፣ የስምንት ዓመቷ እኅትም ሕፃን ይዛ ከመቅረት ትድናለች። ብዙ ሴት ልጆች ከትምህርት ቤት የሚቀሩት በዚህ ነው።

ልጆቹ

ምዝገባ ነሐሴ ላይ ይጀምራል፤ ገንዘቡ ግን ሐምሌ ላይ መዘጋጀት አለበት፤ ሐምሌና ነሐሴ የሥራ መቀዝቀዣና የረሀብ ወራት ስለሆኑ የደብተሩ ገንዘብ በምግብ ይበላል። ለትንንሾቹ በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ቡኡረ ቦሩ የሚባለው ቅድመ መደበኛ ክፍል አለ። ትምህርት ያመለጣቸው፣ ከ9 እስከ 14 ዓመት የሆናቸው ልጆች ደግሞ የ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍልን ትምህርት በ10 ወር ጨርሰው ከእኩዮቻቸው ጋር የሚቀላቀሉበት የተፋጠነ ትምህርት የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ በከተማችሁ መኖሩን ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅን ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ በጥቅምት ያበቃል፤ ልጁ ያፍራል። አዳማ ውስጥ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ስላሉ የልጁን ቋንቋ አይተው ይምረጡ።

ዩኒፎርሙን እናቱ ታስለካው፤ ደብተሩንም ከእሷ እጅ ይቀበል። ልጁ «ያስተማሩኝ እነ እገሌ ናቸው» ብሎ ሳይሆን «እናቴ አስተማረችኝ» ብሎ ይደግ።

ብቻውን የሚያድር ልጅ ሲያገኙ

እዚህ ላይ እጅግ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ልጁን ወደ ቤትዎ አይውሰዱ፤ በቅን ልብ ቢያደርጉትም ለልጁም ለእርስዎም አደጋ አለው። ሴት ልጅን «ሥራ ላስይዛት» ብሎ ወደ ሰው ቤት መላክም እርዳታ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ መናኸሪያ ላይ የሚጠብቁት ደላሎችም ልክ እንደዚህ እያሉ ነው ልጃገረዶቹን የሚወስዱት። በቅርብ ያለውን ፖሊስና የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፣ ልጁ እስኪያዝ አብረው ይቆዩ፣ የተረከበውን ሰው ስም ይዘው ይሂዱ። የታመመ ወይም የተጎዳ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይገኛል።

ወደ ቤተሰብ መመለስ ሲባል ትኬት ቆርጦ አውቶቡስ ላይ መጫን ማለት አይደለም። እንዲያ የተላከ ልጅ ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። መጀመሪያ ለምን እንደወጣ ይታወቅ፤ የእንጀራ አባት ዱላ ነው? ረሀብ ነው? ደላላ ነው? በፈተና መውደቅ ነው? ከዚያ ቤተሰቡ ተፈልጎ ይነጋገር፣ አዋቂ ሰው አብሮ ይድረስ፣ ቤቱን ይይ። ሲደርስ ለቤተሰቡ ሁለት በግ ወይም የትምህርት ወጪ ብትሰጡ ልጁ እንደ ሸክም አይታይም። ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ቆይቶ የሚደውል ሰው ይኑር። ቤቱ ዱላና ጥቃት ያለበት ከሆነ ግን አያት፣ አክስት፣ አጎት ይፈለግ፤ ወደ ጥቃት መመለስ የለበትም።

ስምጥ ሸለቆ በዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። ከባቱ በስተደቡብ በአላጌ፣ በደርግ ዘመን በጦርነት ወላጆቻቸውን ላጡ ሕፃናት የሕፃናት አምባ ተቋቁሞ ሺዎች አድገውበታል፤ ዛሬ ቦታው የግብርና ኮሌጅ ነው። የአምባ ልጆች እርስ በርስ ወንድምና እኅት ሆነው መኖራቸውን የሚያውቅ ሁሉ ያደንቃል። ከዘመድ ርቆ በተቋም ማደግ ግን ዋጋ አለው፤ ሥርዓቱ ሲለወጥ ልጆቹ የሚወድቁበት ቤት አልነበራቸውም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የአማራጭ የሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ ማኅበረሰብ አቀፍ እንክብካቤን፣ ወደ ቤተሰብ መመለስን፣ በአደራ ቤተሰብ ማደግንና ጉዲፈቻን አስቀድሞ ማሳደጊያ ተቋምን የመጨረሻ አማራጭ ያደረገው በከንቱ አይደለም። ወደ ውጭ የሚደረገው ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ቀርቷል። ጉዲፈቻ ከኦሮሞ ባህል ለመላ አገሪቱ የደረሰ ሥርዓት ነው፤ ልጅ ማሳደግ የሚሹ ባልና ሚስት ካወቁ በፍርድ ቤት የሚጸድቅ መሆኑን ነግረው ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ይምሯቸው።

በድርጅት በኩል ከሰጡ

በርቀት ላላችሁ ይህ የተሻለ መንገድ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሂሳብ ብቻ ይግባ፤ በግለሰብ ስም የተለጠፈ ቁጥር ላይ አታስገቡ። የምዝገባ ምስክር ወረቀቱንና የኦዲት ሪፖርቱን ጠይቁ፤ አዋጅ 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስንት ልጅ ትረዳላችሁ የሚለው ጥያቄ ብዙ አይነግራችሁም። ስንቱ ወደ ቤተሰቡ ተመለሰ፣ ከዓመት በኋላ ስንቱ እዚያው አለ ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚመልስ ድርጅት ሥራውን ያውቃል። ለትልልቆቹ ልጆች ደግሞ የሙያ ሥልጠና ያለበትን ፈልጉ፤ ባቱ ያለው ዶን ቦስኮ ወጣቶችን ሙያ ሲያሠለጥን የቆየ ነው።

ፎቶ አታንሱ። በተለይ የልጆችን ፊትና የእናትየውን ታሪክ በፌስቡክና በቲክቶክ አታውጡ። ነገ ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ ያንን ቪዲዮ ያሳዩታል። ለለጋሾች ማስረጃ የሚሆን የኪራይ ደረሰኝና የትምህርት ቤት ካርድ አለ፤ ይበቃል።

አንዳንዱ ይመለሳል። እናትየው ክፍሉን ጥላ ወደ በረንዳ ትወጣለች፣ ልጁ ማስቲሹን ይዞ ይታያል። ጎዳና ላይ ሰው አለ፣ ጨዋታ አለ፣ ቀኑ በራሱ ያልፋል፤ ክፍል ውስጥ ብቻን መቀመጥ መጀመሪያ ያስፈራል። የተመለሰችውን አትስደቡ፣ ቤቱንም ወዲያው አትልቀቁ። ቤት የምትጠይቀው እናት ሄዳ ታነጋግራት። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ይገኛል፤ አከራዩ ሰድቧት ይሆናል፣ ዕዳ ገብታ ይሆናል፣ ታማ ይሆናል።

በዚህ ሳምንት የምጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። ከጓደኞቻችሁ ዘጠኙን ጥሩ፣ ደብተር አውጥታችሁ ስማችሁንና የምታዋጡትን ጻፉ። በማግስቱ ወደ ቀበሌያችሁና ወደ ሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሄዳችሁ በሰፈራችሁ ከነልጆቿ ጎዳና ላይ የምታድር እናት እንዳለች ጠይቁ። ካለች ከመሸኛዋ ጀምሩ።